ከአሥራ ሁለት አንዱ

መሐል ሜዳ አደርሁ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ፣
የቀበሌውን መዝገብ በሻማ አንብቤ።
«ሁለት መቶ ሁለት አባወራ» ይላል፤
ወረቀት ባለበት ይቆማል፣ ሰው ግን ይነቃነቃል፦
ተራ ሃያ ሁለት ካረፈ ሁለት ክረምት ሆኖታል፣
ሠላሳ ዘጠኙ ደብረ ብርሃን ወርዶ ክር ያጠነጥናል፣
ስድሳ ሦስት ተፋተው ግቢው መሐል አጥር በቅሏል።

የሞተ እየጠራሁ ምን ናሙና ላውጣ?
ከሊቀመንበሩ ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር፣
ጠመኔ ይዤ ወጣሁ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ።
በየበሩ ቁጥር ጻፍን፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወፍጮ ቤት፣
ያልተጻፈ በር ዕጣ አይደርሰውምና በየትኛውም ስሌት።
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።
ገንዘቡ ለአሥራ ስምንት ቤት፣ ቀኑም ለአሥራ ስምንት፤
እንግዲህ አንዱ ይናገር ስለ አሥራ ሁለት።

መጠይቁ ሳይፈተን ዕጣ አይወጣምና
አርባ አራት ቁጥር ገባሁ፣ ከበሩ ጎንበስ አልሁና።
«ጥያቄ አሥራ አራት፦ ስንት በግ አለዎት?»
ወይዘሮ በለጥሻቸው ዝም አሉ።
ዐይናቸውን ወደ ጋጣው ጣሉ፣
መልሰው ወደ ጠመኔዬ ጣሉ።
«ልጄ፣ የእግዜርን ሀብት ማን ጮኾ ይቆጥራል?
ዛሬ ላንተ ብነግር ነገ ለግብር ይጻፋል።
የጎደለኝን ጠይቀኝ።
ያለውን እንጂ የሌለውን ማን ይሸሽጋል?»
ቆጠሩልኝም ሳልጠይቅ፦
አንዲት እርጉዝ በጥቅምት ውርጭ፣
ሁለት ጠቦት ለልጃቸው ደብተርና የቤት ኪራይ፣
አንዱን ጅብ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ማታ ከኪሴ አሥር ብር አወጣሁ፣
የመለያ ቁጥሩን ጫፍ አየሁ፦ ዜሮ ሰባት።
ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ ሦስት፣
ሃምሳ አምስት…
አርባ አራት ባንድ አጥር ቀረች።

በነጋው የአርባ ሦስት በር ቁልፍ ነው።
መረጃ ሰብሳቢው እንግዳወርቅ፣ ብርድ አንዘፍዝፎት፣
«ጎረቤቱን እንሙላ፣ በጉም ብርዱም ያው ነው» አለኝ በሹክሹክታ።
«አይሆንም። ሦስት ጊዜ እንመለሳለን፤ ጧት፣ ቀትር፣ ማታ።»
ወይዘሮ በለጥሻቸው ከካቡ ማዶ ሰምተው፦
«እኔ እያለሁ ዝግ በር ትጠብቃላችሁ?»
«እማማ፣ ነገሩ ከባሕር በጭልፋ ነው…»
«ባሕሩስ ይሁን፤ ጭልፋውን የያዘው ማነው?»
«ማንም» አልኋቸው።
ከዚያ በላይ የማምንበት ነገር አልነበረኝም።
እሳቸው ግን አላመኑኝም።

በሦስተኛው ምልልስ አርባ ሦስት ከፈተ።
ጥያቄ አሥራ አራትን ሌሊት ሰርዤ
በወይዘሮዋ ቃል ጽፌዋለሁ፦
«ካለፈው መስከረም ወዲህ ስንት በግ ጎደለ?»
ከካቡ ማዶ የአርባ አራት በር ገርበብ ብሏል።
ሰውየው ጋቢውን ሰበሰበ፣ በርጩማ አወጣ፣
«ቁጭ በሉ» አለን፣ «ይሄ ረዘም ያለ ነው።»