ሙሪየል የምትገባበት

ጥር ነው፤ ሮቸስተር። ከወንዙ ማዶ፣
እስከ መስኮቴ ግማሽ ተቆልሏል በረዶ።
ሎርና ቲበትስ ገባች፣ ጫማዋን አራግፋ፣
የሚታጠፍ ካሜራ በፎጣ ጠቅልላ፣ አቅፋ።

«የአባቴ ነው» አለች፣ «እዚሁ የተሠራ፣
ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጥ ካሜራ።»
ቁልፉን ስጫነው ክዳኑ ተከፈተ፤
ሌንሱ በሐዲዱ ወጣ እያቃሰተ።

ወናፉ አርጅቷል።
የብረት ሠሪ ወናፍ ትንፋሹን ለእሳት ይሰጣል፤
ይህኛው ዝም ብሎ ጨለማውን ይጠብቃል፤
ብርሃን በፊት በር ብቻ እንዲገባ፣
በጓሮ እንዳይሾልክ እንደ ሌባ።

መብራቱን አጠፋሁ፤ የእጅ ባትሪ ሆዱ ውስጥ አስገብቼ
ጥጉን በጥጉ መረመርኩ፣ እጥፉን ሁሉ ዘርግቼ።
አሥራ ሰባት ነጥብ። ሎርና «ከዋክብት!» አለች።
«ቀዳዳ ነው» አልኳት። ሳቀች።

ከዚያ ፎቶዎቿን ከቦርሳ አውጥታ ደረደረች፦
እናቷ ሐይቅ ዳር፣ ነፋስ ቀሚሷን ሲገፋ፤
ወንድሟ ከአዲስ ብስክሌት ጋር፣ ደረቱን ሲነፋ፤
ሠርግ፣ ቀብር፣ የተገነጠለ የአትክልት በር፤
በሁሉም ጥግ ላይ አንድ ነጭ ጭረት ነበር።
እንደ ጭስ የሳሳ፣ እንደ ሰው የቆመ፣
አንዱ ላይ የደመቀ፣ አንዱ ላይ የደከመ።

«ሙሪየል ናት» አለች። «የአባቴ ታናሽ እህት።
በልብስ ቁልፍ ፋብሪካ ሠርታ ይህን የገዛችለት።
እኔ ሳልወለድ ሞተች። ፎቶ የላትም፤ አንድም።
ፊልም ታጥቦ ሲመጣ ግን አባቴ ይህችን አይስትም፦
‹ይኸው መጣች ደግሞ፣ ማንም ሳይጠራት!›
እናቴ ትስቃለች፤ ‹ወንበር ሳቡላት።›»

ምን ልበላት? ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤
ቀለም ብቀባው ነገ መልሶ ይላጣል።
«አይጠገንም፤ አዲስ ልሥራለት» አልኳት።
ነጩን ጭረት በጣቷ ነካካች፣ ዝም ብላ ጥቂት።

«አንዷን ቀዳዳ ብቻ… ብትተዋት?»

አራት ቀን ፈጀ። የድሮውን ሙጫ ፍቄ፣ ቆዳውን ገልጬ፣
ልኩን ወሰድኩ፤ ለአሥራ አራት እጥፍ ካርቶን ቆርጬ።
ከሥር ጥቁር የጥጥ ጨርቅ፣ በመሃል የካርቶን ጎድን፣
ከላይ የፍየል ቆዳ፣ ተፍቆ የሳሳ፣ የማይከብድ ጣትን።
ችግሩ ጥጉ ላይ ነው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ሲል
ሌላው ወደ ውጭ ይሸሻል፣ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት፣ አልታረቅም ሲል።
ሁለቴ አበላሸሁ፤
ሰደብኩት፣ ሻይ ጠጣሁ፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ፣ አመሸሁ።
በድሮ የስልክ ማውጫ ተጭኖ አደረ። ጠዋት
ያለ አንዳች ድምፅ ተዘረጋ፣ ገና ሙጫ እየሸተት።

በጨለማ ባትሪውን አስገባሁ። አንድም ነጥብ የለም።
እንዲህ ያለ ጥቁር ሠርቼ አላውቅም።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መርፌ አነሣሁ፤
ሦስተኛው እጥፍ ላይ አስጠግቼ ቆየሁ።
እምቢ አለ።
ሃያ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ እጅ
ጤነኛ ቆዳ አይወጋም፣ ቢለምነው እንኳ የገዛ ልጅ።

ሂሳቡን ጻፍኩ፦ ቆዳ፣ ጨርቅ፣ ሙጫ፣ የአራት ቀን ሥራ።
አሮጌውን ወናፍ በጋዜጣ ጠቀለልኩ፤ ይሂድ ከእሷ ጋራ።
መርፌዋን ደረሰኙ ላይ ሻጥ አደረግኋት፤
ከሥሯ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦
«ሦስተኛው እጥፍ፣ የታችኛው ጥግ።
መርፌዋ በነጻ ናት።»

ሎርና አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
መርፌዋን ኮቷ አንገትጌ ላይ ሰክታ ወጣች።
በመስኮቱ ግማሽ፣ ከበረዶው በላይ፣
ኮፍያዋ ብቻ ነበር ሲሄድ የሚታይ።