የማክሰኞ ማኅበር

ዘጠኝ ቀርተዋል። "ወጣቱ" መርቪን ሰባ አንድ ሞልቶታል፤
የአውቶቡስ ማቆሚያውን አግዳሚ ባለፈው ወር ቀብቶታል፣
ቀለሙ ግን ሳይደርቅ ቄሱ ተቀምጠው
አረንጓዴ ሱሪ ለብሰው ሄዱ አጊጠው።

ቅዳሜ ቋሊማ ጠብሰው፣ ኒውዚላንድ ጫፍ፣ በንፋስ፣ በካፊያ፣
ፍራንክ ለቀሙ፤ ለልጆች ገንዳ ውሃ ማሞቂያ።

"አባል እንፈልጋለን" ያለችው ወረቀት
ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዓሣ መጥበሻው ቤት፤
ደልሲ የለጠፈቻት፣ ዘይት ጠጥታ ወዝታ፣
ስልክ ሳታስጠራ ቀረች፣ ግድግዳ ተጠግታ።

በክረምት፣ ቧንቧው ፈንድቶ አዳራሹ ሲርስ፣
ታቪታ የሚባል ቧንቧ ሠሪ ሲደርስ፣
ስብሰባ ላይ ናቸው። ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ ሰማ፦
የኧርማ ጣራ ያፈሳል፤ ብቻዋን ናት፣ በጨለማ።
"እሺ፣ መሰላል የሚወጣ፣ ጉልበት ያለው ማነው?"
ዘጠኙም ጉልበታቸውን አሹ፤ መልሱ ይኸው ነው።

"ቅዳሜ ሥራ የለኝም" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ፤
ደልሲ ስሙን ጻፈችው፣ ገና ራሱ ሳይወጣ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሻይ ስትቀዳ ትቆማለች፣
አምፖሉን ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች፤
"ደህና ነው" ትላለች፣ በቅሬታ ዓይነት፣
"ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ያስፈልገን ነበር፣ እውነት።"