አሸንዳ

ቤቱ የኔ ነው፤ ግድግዳው የመንደሩ።
ይህን ሕግ ማንም አልጻፈው፤ በሳርዲኒያ ተራራ፣
በኦርቱላይ፣ ሁሉም ያውቀዋል በየበሩ።
እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት ስትመኝ ኖረች፣
በቀትር መብራት አብርታ ሽንኩርት እየከተፈች።
"መስኮቱ የሚያርፈው" ትል ነበር "ልክ በካቴሪና ደረት፤
ጎረቤቴን በስቼ ነው ብርሃን የማስገባው ከቤት?"

በውጭ በኩል አሥራ ሦስት ሴቶች ቆመዋል ተደርድረው፣
ከወታደር መኪና ፊት፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው።
የግጦሹን መሬት ለመድፍ ሊወስዱ በመጡ ዕለት
እንዲህ ቆመው ነበር አሉ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት።
ኋላ አንድ ጢማም ሰዓሊ ከባሕር ማዶ መጣ፤
አይብና ወይን እየተከፈለው፣ ጎተራችን ውስጥ እያደረ፣
ፊታቸውን አንድ በአንድ ከኖራው ውስጥ አወጣ።
የካቴሪናን አፍንጫ ግን ፈጣሪ ካደለው አሳጥሮ አመጣ።

ከዚያ ሽበት መጣ። ለካ ሥዕልም ሽበት አለው፤
የሚጀምረውም ከጉልበት ነው፣ እንደ ሰው።
ቀሚሶቹ በነጭ ጨው ተሸፈኑ፣
ሁለቱ ሴቶች እግር አልባ ሆኑ።
ከጫፍ የቆመችው ፒያ፣ አንድ የጥር ሌሊት፣ ፊቷ ወደቀ፤
ጠዋት በመጥረጊያ ጠረግኳት፤
ምን እንደጠረግኩ እጄ ዘግይቶ አወቀ።

ማዘጋጃ ቤት ተሰበሰብን። ሥጋ ሻጩ ፒዬሮ ተነሣ፦
"እንደ አዲስ እንቀባው፣ ቀለሙ በኔ ሒሳብ!"
ኤፊዚዮ ከዘራውን አጮኸ፦
"ለእናትህም እንዲህ ነው፣ ፊቷ ሲሸበሸብ፣ የምታስብ?"

ከካልያሪ ባለሙያ መጣች፣ ሚኬላ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤
ሥዕሉን ሳታይ ቀና ብላ ጣሪያ አየች። ገረመን እኛ።
ጥጥ በስንጥር መጠቅለል፣ ኖራ በመርፌ መውጋት
አስተማረችን፤ ጣታችን በግ እንጂ ቅንድብ አያውቅም፣
ፈራን መንካት።
አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ
"በሽታው ከቀለሙ አይደለም" አለች፤
"ከኋላ ነው። ውሃ ነው። ያ አሸንዳ የማነው?" ብላ አሳየች።

ሁሉም ሰው ጫማውን አየ።

አሸንዳው የባኪዚዮ ነው።
እኔና ባኪዚዮ ከተነጋገርን አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።
ሰበቡ አንዲት በለስ ናት፤ ሥሯ በኔ፣ ጥላዋ በሱ በኩል፤
ፍርድ ቤት ደርሰናል። ዛፏ ደርቃለች፤
ቂሙ ነው በየዓመቱ የሚበስል።

ለራሴማ ቢሆን አልሄድም ነበር።
ማታ ሹራቤን ደርቤ በሩን አንኳኳሁ፤
"ለኔ አይደለም" አልኩት፤ "ለካቴሪና ነው።"
ሌላ ቃል አጣሁ።
እሱም በሩን ዘጋ።

ቅዳሜ ሲነጋ
መሰላል ግድግዳዬን ሲነካ ሰማሁ፣
ባዶ እግሬን ወጣሁ።
አዲስ ቆርቆሮ በትከሻው፣ ምስማር በጥርሱ።
ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩት።
መሰላሉን ከሥር የያዘው ሥጋ ሻጩ ነው፣ ያው ራሱ።

ጨርሶ ሲወርድ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤
የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀለም፣ ቡናማ፣ ጥጥ ላይ ተቀምጣ።
"የፒያ ዓይን ናት" አለ፣ ለሚኬላ፤ ለኔ አይደለም።
"ያን ጠዋት ይህች ስትጠርግ ከቆሻሻው ለይቻት ነበር፤
የምሰጠው ሰው አላገኘሁም።"

ዓይኗን መለስናት። የቀረውን ፊቷን ባዶ ተውነው፣
እጅ አውጥተን ወስነን፦ የማናስታውሰውን ላንሥለው።
አንዲት ዓይን በነጭ ኖራ መሐል! ልጆች ይፈሯታል፣
ቱሪስቱ አንገቱን አዘንብሎ ፎቶ ያነሣታል።

በኅዳር የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ።
ጆሮዬን ለግንቡ ሰጠሁ፤
ውሃው በቆርቆሮው ወርዶ ወደ መንገዱ ሲንደረደር ሰማሁ።
ከማዶ የባኪዚዮ መብራት በርቷል፤
እሱም ያደምጣል መሰለኝ።

ወጥ ቤቴ አሁንም ጨለማ ነው። በቀትር መብራት አበራለሁ፣
ሽንኩርት እከትፋለሁ፤
ከግንቡ ማዶ አሥራ ሦስት ጀርባ
ደረቅ ብሎ ይሰማኛል።