ሁለት ገበያ

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ጠየቀችኝ፤
«ምን ትማሪያለሽ?» ብላ፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።
«የጤና ተግባቦት» ስላት፣ «ጤናውንስ ሰማሁ» አለች፤
«ዶክተር ነሽ?» «አይደለሁም።» «ነርስ?» «አይደለሁም።» ዝም አለች።
ደነባን ካለፍን በኋላ፣ አዘነችልኝ መሰለኝ፣
«ነጥብ አልመጣልሽም?» ብላ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

ቆሎውን በላሁ። ምን ልበላት?

መምህር ልሳነወርቅ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰሌዳው ላይ
ሁለት ክብ ሣለ፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ማዶ ላይ፤
በመሃል ቀስት ሰደደ፣
«መልእክት» አለን፣ «ከዚህ ተነስቶ ወደዚያ ሄደ።»
ከቀስቷ ዙሪያ እንደ ካፊያ ጠመኔውን ጫር ጫር አርጎ
«ሁካታ» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም አሰመረ አጥብቆ አድርጎ።
ቀጥሎ ያለውን ግን አልሰማነውም፤ ነፋሱ
ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሱ ሳቀ፦ «ይኸው፣ ራሱ!»

ሦስት ዓመት የተማርኩት እንግዲህ ይህችን ቀስት ነው፤
ሐኪም የተናገረው ቃል፣ ማታ ቤት የሚገባው ስንቱ ነው?
ስንቱ ነው በር ላይ የሚቀር፣ ከካርዱ ጋራ የሚታጠፍ?
ስንቱ ነው ጀማ አፋፍ ላይ፣ ደክሞት ድንጋይ ላይ የሚያርፍ?

ይህን ለሴትየዋ አልነገርኳትም። ሌላም ያልነገርኳት አለ፦
ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአክስቴ ወረቀት እጄ ላይ ዋለ።
«ፖዘቲቭ አሉኝ፣ ምንድን ነው?» አለች፤ እንግሊዝኛ አዋቂዋ
እኔው ነበርኩ በዚያ ቤት፤ አስተርጓሚዋ፣ አለኝታዋ።
«በጎ ማለት ነው» አልኳት።
ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ አስገባችው። ደስ አላት።

እነዋሪ ወረድኩ። ትርንጎ፣ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን፣
ፖስተሬን በፌስታል ጠቀለለችና፣ መንገድ ጀመርን።
ጥቁሩ የጅሩ መሬት ጫማዬን ሁለቴ ቀማኝ፤
ሁለቴም በእንጨት ቆፍራ፣ እየሳቀች መለሰችልኝ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ደጅ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ ያን ሥዕል፤
ሸሚዙ ኮሌታ ያለው፣ በመሐረብ አፉን የሸፈነ ጎልማሳ ይመስል።
ከሥሩ፦ «ሁለት ሳምንት ካሳለዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ
ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ አክታዎን ያስመርምሩ።»
አነበቡት። ፊደልስ ቆጥረዋል፣ በመሠረተ ትምህርት።
እኔ ሰው ሣልኩ በወረቀት፤ እሳቸው ሳሉ በደረት።
ደግመው አነበቡትና «ምስኪን፣ ታሟል ሰውየው» አሉ።
«እርስዎስ ጋሼ?» አልኩ፤ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ሳሉ፦
«እኔንማ የሚያስለኝ ሁለት ሳምንት አይደለም፤
ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ይኸ እኔን አይመለከትም።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች።
ፖስተሩን ጠቅልዬ፣ ከጉቶው ላይ ቁጭ አልኩ፤
«እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይሉታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ቆዩ። በከዘራቸው ጭቃውን እየወጉ ቆዩ።
«ሳምንቱን ማን ይቆጥራል? እኛ የምንቆጥረው ገበያ ነው፤ እዩ፤
ሁለት ገበያ እየሳልህ ከዋልህ፣
ሦስተኛው ገበያ ሳይቆም፣ ጤና ጣቢያ ነው ገበያህ።
እንዲህ ነበር የሚባል» አሉ፤
ብለውም፣ ሌላ ሰው የነገራቸው ይመስል፣ ጣት እያጠፉ ይቆጥራሉ።
ጣታቸው አለቀ።

መምህር ልሳነወርቅ ወረቀቴ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ፣
«ግሩም! ምንጩስ?» ብሎ ጻፈ። ሸዋንግዛው ብዬ ብጽፍ፣
                              ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል ወይ?

ትናንት ለትርንጎ ደወልኩ። «ጋሽ ሸዋንግዛው» አለች፤ ኔትወርኩ
ይቆራረጣል። «...ጤና ጣቢያ...» አንዱን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ፤
«...አክታ...» ከዚያ ዝም።
ሄደው ይሁን፣ እምቢ ብለው፣ መለየት አልቻልኩም።
ነፋሱ ያው ቆርቆሮው ላይ ነው። በእኔና በእሷ መሃል
ቀስቷ መንገድ ላይ ናት።
እንደገና ደወልኩ። ይጠራል።