ቁጥር ሠላሳ ሰባት

ስቪሽቶቭ፣ ዳኑብ ዳር፣ ከሙዚየሙ ምድር ቤት፣
አርባ አንድ ሳንቲም መጣልኝ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ታጉሮ እንደ ዘበት፤
ክዳኑ ላይ የተሳለች ባለ ሪባን ልጃገረድ
ስትስቅ፣ ከሥሯ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ሲናድ።
ሚንቾ የሚሉት ገበሬ ነው መሬቱን ያረሰው፣
ማረሻው እንስራ ሰብሮ ከነአፈሩ ያፈሰው።
«ስሞት ለመንግሥት ስጪ አለኝ» ብላ ሚስቱ ፔንካ አመጣችው፤
ፈርማ ሄደች። ደረሰኙን ሳታነበው አጠፈችው።

ሥራዬ ቀላል ነው እንግዲህ፦ መመዘን፣ መለካት፣ መጻፍ፤
የጥርስ ብሩሽ፣ የተጣራ ውሃ፣ የተሳለ የቀርከሃ ጫፍ።
አረንጓዴው ዝገት ደግ ነው፣ ቆዳው ነው፣ አይነካም፤
ነጣ ያለው ዱቄት ግን ደዌ ነው፣ ሌሊት ሲበላ አይተኛም።
ቀጥሎ ፊቱን አያለሁ። ነገሥታት በአገጭ ይለያሉ፤
ጢማሞቹ አባትና ልጅ ሳይሆኑ ይመሳሰላሉ፤
አንዱ አንገቱ የበሬ፣ አንዱ ጉንጩ የተቦደሰ፣
አንዱ ዘውዱ የፀሐይ ጨረር፣ ግንባሩ ላይ የፈረሰ።
ስሙ በጠርዙ ዙሪያ ነው፤ ግማሹን አፈር በልቶታል፤
ሦስት ፊደል ካገኘሁ በቃኝ፣ የቀረውን መጽሐፍ ይሞላዋል።
ጀርባው ላይ ሚዛን የያዘች ሴት፣ ወይ እህል የሞላ ቀንድ፣
«ኤስ» እና «ሲ» ግራና ቀኝ፣ እንደ ዘበኛ አንድ አንድ።

አርባውን እንዲህ ለየሁ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።
አንዷ ግን፣ ሠላሳ ሰባተኛዋ፣ እንቢ አለችኝ።
ፊት የላት፣ ስም የላት፤ ልሙጥ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር፤
አፍንጫ በነበረበት የሚያበራ ጉብታ ነበር።
«የማይታወቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ደግሜ ጻፍኩ።
ማታ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ እሷን አሰብኩ።

ማለዳ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን አስጠጋሁባት፤
የተኛ መስመር የሚነቃው በጥላ ነው እንጂ፣ በብርሃን ብዛት
አይደለም። ያኔ አየኋት፦
ከጀርባዋ ጠርዝ ተነሥታ ወደ መሐል የምትዘልቅ
ፀጉር የምታክል ጅማት፣ ቀጭን፣ ግን የማትደበቅ።
ሮም ውስጥ አንድ አንጥረኛ መዶሻ ሲያሳርፍበት
ማኅተሙ ተሰንጥቆ ኖሯል፣ ማንም «ይብቃ» ሳይልበት፤
ከዚያ ወዲያ የታተመው ሁሉ ጠባሳውን ወርሷል፤
ቁጥር ስድስትም ያው ጠባሳ፣ እዚያው ጀምሮ እዚያው ደርሷል!
እህቷ ተገኘች ማለት ነው። እህቷ ደግሞ ፊት አላት፤
ጢም ያላወጣ ጎርድያኖስ፣ ዓለም በልጅነቱ የተጫነበት።

እህቷ ሚዛን ላይ ወጣች፤ አሥራ ዘጠኝ ግራም ሙሉ።
እሷ አሥራ ስድስት። በርግጥ የጥንቶቹም ሲመዝኑ ግዴለሾች ነበሩ አሉ፤
ግን ሦስት ግራም?

ማክሰኞ ፔንካ መጣች። «ቆርቆሮዬን» አለች፣ «መልሺልኝ፤
የብስኩቱን። ክዳኑ ላይ ያለችው ልጅ ናፈቀችኝ።»
ጠረጴዛዬን አየት አድርጋ፣ «አሃ፣ ይቺ ናት የኪሱ!
ካርታ ሲጫወት፣ በምጤ ሌሊት ደጅ ቆሞ ሲጨነቅ እሱ፣
ሠላሳ ዓመት በአውራ ጣቱ አሻት። የኪሱን ቀዳዳ ስንቴ ጠቀምኩ!»
አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።
ሦስቱ ግራም የት እንደገባ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩ።

ያለ ጓንት መንካት ክልክል ነው፤ ላብ ነሐስን ይበላል፤
ግድግዳው ላይ በቀይ ተለጥፏል፣ ፊርማው የኔን ይመስላል።
«ወንበር ላምጣልሽ» አልኳት። ወንበር አጠገቧ ነበር።
ኮሪደሩ ጫፍ ቆምኩ፣ የአሸዋ ጀልባ ዳኑብን እስኪሻገር።
ስመለስ የለችም፤ ቆርቆሮዋን ይዛ ሄዳለች። ሳንቲሟ ቦታዋ ላይ ናት፤
በጓንቱ ውስጥ እንኳ ተሰማኝ፣ ሙቀት አላት።

መዝገቡ ላይ፦ ጎርድያኖስ ሣልሳዊ። ነሐስ። ሮም። ሠላሳ ሚሊ ሜትር።
ፊት፦ የለም።
«የጉዳት ምክንያት» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ። አርባው ላይ «አፈር» ብያለሁ፤
እዚህ «አውራ ጣት» ብዬ ጻፍኩ።
አለቃዬ ይሰርዘው እንደሁ አያለሁ።