አጉራሽ

አባቴ ሲሰማኝ «መርካቫ» እያልኩት፣
«መርከብ?» አለ ደንግጦ፤ «ባሕር ከየት አገኙት?»
«ባሕር የለም አባባ፣ አሸዋ ነው» ስለው፣
«አሸዋም ያሰጥማል፤ ዋና ልመድ፤ ይኸው ነው።»

ስድሳ ምናምን ቶን ብረት የለበሰ፣
የኔጌቭን ጠጠር አላምጦ የጨረሰ፤
አራት ሰው በሆዱ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣
ያንዱን ላብ አንዱ ለብሶ፣ አንድ ኮዳ ተካፍለን።
ቀን ላይ ይጋግረናል፣ ሌት ያንቀጠቅጠናል፤
ሞተሩ ሲጠፋ፣ የየራሳችን ጆሮ ይጮኽብናል።

ጌናዲ ከፊት ነው፣ ጋደም ብሎ ይነዳል፣
ካገኘው ጉብታ ጋር በሩስኛ ይጣላል።
ዖዴድ አዛዣችን ከማማው ላይ ወጥቶ፣
አቧራ ይቅማል ካርታውን ዘርግቶ።
አላሚው ራሐሚም፣ ግንባሩ ከመስታወት ተጣብቆ፣
ምሳውን እንኳ ሲበላ አንድ ዐይኑን አርቆ።
በግራ በኩል እኔ።
አጉራሽ።

ስሜ ጓዴ ነው። መምህርቷ «ያኒቭ» ብላ ብትጽፈኝም፣
ያ ስም ታንክ ውስጥ አልገባም፤ በሩ ጠባብ ነው፣ አላለፈም።
«ጓዴ፣ ውሃ አቀብል!» «ጓዴ፣ ተኛህ እንዴ?»
«ጓዴ፣ ክርንህ ገባ እኮ እስከ ሆዴ!»
ትርጉሙን አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸው፤
ሲሰድቡኝ እንኳ ወዳጅ ነበርኳቸው።

ሥራዬ አጭር ነው፤
አረሩን ከጎሬው መዝዞ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣
በዚያች ጥበት ዞሮ፣ ወዳፉ አሳልፎ፣
በተጨበጠ እጅ መግፋት እስኪውጠው።
ቡጢ ነው ደንቡ። በጣቱ የገፋ ሰው
ብረቱ ሲከደን ይቀራል ጣት አልባ፤
አሠልጣኛችን ስምንት ጣቱን አሳየን፣ ገና ስንገባ።
ከዚያ መጮህ አለ፣ በዕብራይስጥ፣ «ተሞልቷል» እንደማለት፤
እኔ በልቤ ግን «ጎረሰ!» ነው የምላት።

እናቴ «ምንድነው ሥራህ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣
«አጉራሽ» አልኳት። ሳቀች። «ደግ ሥራ» አለችኝ።
ሳቋ ሳያልቅ፦
«ማንን ነው የምታጎርሰው?»
ቦርሳዬን አነሣሁ፤ አውቶቡሱ ደርሶ ነበር።

ከሰሜኑ ድንበር፣ በዚያ አንድ ሌሊት፣
አሥራ አንድ ጊዜ አጎረስኩ። ቆጠርኩት።
ማን እንደዋጠው አላየሁም፤ አጉራሽ መስኮት የለውም፤
ያየሁት ጢስ፣ ግድግዳ፣ የራሐሚም ማጅራት ነው፤ ሌላ የለም።
ማጅራት ያወራል። እስከ ስምንተኛው ድረስ ላብ ነበረ፤
በዘጠነኛው ደርቆ እንደ ችካል ተገተረ።
«ምን አየህ?» አልኩት።
«አጉርስ» አለኝ።

ሲነጋ የቱና ቆርቆሮ ከፈትን፤ ዘይቱን ጌናዲ ጠጣው።
ራሐሚም ድርሻውን፣ ከፖም እርሻው ለመጣች ድመት፣
በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣት።

አሁን፣ ቂርያት ጋት፣ በጋው ሲያልቅ፣ በየዓመቱ፣
እኔ ቤት ይመጣሉ፤ ዖዴድ ተመልጧል፣ ጌናዲ ወፍሯል ከነሚስቱ።
አንድ ትሪ ከበን፣ እኔ ጠቅልዬ ሳጎርስ፣
ጣቶቼ ይጨበጣሉ ከከንፈር ስደርስ።
«ጥርሴን ልታወልቅ ነው?» ይላል ጌናዲ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።
«አንድ ጉርሻ ያጣላል» እላለሁ፣
ሁለተኛውን በጣት፣ ቀስ ብዬ፣
እጄን በዐይኔ እየጠበቅሁ።

ራሐሚም አይመጣም። አሽዶድ ነው ቤቱ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።
ዘንድሮም ደወልኩ።
«ጓዴ» አለኝ።
ከኋላው ልጅ ያለቅሳል፣ ቧንቧ ይፈሳል።
ትርጉሙን ልነግረው ፈለግሁ፣
ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ፣
ምን እያለ ሲጠራኝ እንደኖረ።
«ትሪው ቀርቧል» አልኩት በምትኩ።
«አልራበኝም» አለኝ።

«ምን አለ?» ዖዴድ ነው።
«መንገዱ ተዘጋግቷል።»
ጌናዲ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።