በኦብዱሊያ ቤት የማይነሳ ግሥ

በዚያ በሜክሲኮ፣ ባሩድ በሚወቀጥበት መንደር፣
"ፈነዳ" የሚሉት ግሥ ኦብዱሊያ ቤት አያድር።
እደጃፍ ላይ ይወልቃል፣ እንደ ጭቃማ ጫማ፤
ገበታ ላይ ከተነሳ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

ባሏ ቴዎዱሎ ርችት ሠሪ ነው፤
ጣቱ ስምንት ብቻ፤ ሁለቱን ባሩድ ነው የበላው።
ከበቆሎው ማሳ ማዶ፣ ጎጆ ከጎጆ ተራርቆ፣
አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲተርፍ በርምጃ ተለክቶ ታውቆ፣
እዚያ ይውላል። ማታ ይመጣል፣ ድኝ ድኝ እየሸተተ፤
ከበሩ ሳይዘልቅ ጣቶቹን ትቆጥራለች። ስምንት። ቀኑ ተከተተ።

ያ ግሥ ከደጅ ሲቀር ዘመዶቹ ሥራ በዛባቸው፤
አንዱ ወደ ማጀት፣ አንዱ ወደ መስክ፣ እንደየጠባያቸው።
ወተት "ገነፈለ"፣ ክዳን የሚገፋ፣ ትዕግሥት ያለቀበት፤
ብጉንጅ "ፈረጠ"፣ ሕመም ያለበት፣ እፎይታም ያለበት፤
ምንጭ "ፈለቀ"፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ ከድንጋይ ሥር በቀስታ፤
ግድብ "ተደረመሰ"፣ ይህን የሚል ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል ለአፍታ።
ሮማን "ሳቀ"። ቁጣ "ብው አለ"። የመኪና ጎማ "ተነፈሰ"።
ያስቸገረው ፊኛ ነው፤ የልጅ ልጇ የሚካኤላ ልደት ሲደገስ
ቀዩ ፊኛ ቁልቋል ነክቶ ጧ! ሲል፣ አጎቶቿ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣
ከዚያ እየተሳሳቁ፣ እየተፋፈሩ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ ቀረቡ።
"አያቴ፣ ምን ሆነ ልበል?" አለች ልጅቱ፣ ክሩ እጇ ላይ ቀርቶ።
"ነፍሱ ወጣች በይ።" ኬኩም ተቆረሰ፣ ነገሩ በዚያው ተረስቶ።

የበቆሎው ነገር ደግሞ! እኛ ያንኑ ግሥ ቆልተን
"ፈንዲሻ" አልነው፣ ስም አድርገን፣ በሣህን ሞልተን፤
እነሱ "እርግቦች" ይሉታል፣ ያውም አቆላምጠው፣ አሳንሰው፣
ክዳን አንኳኩተው ሲወጡ ነጭ ላባቸውን ለብሰው።
ኦብዱሊያ እዚህ ላይ ፈገግ ትላለች፤ ቋንቋው ራሱ ተባበራት።
ርችቱስ? ባሏ የጠቀለለው፣ በበዓል ሌሊት ሰማይ ላይ የሚበተነው እሳት?
"ፈካ" ትለዋለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ ጓሮ አትክልት።

ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣
ድምፁ ከመድረሱ በፊት የባልዲው ውሃ ክብ ሠራ።
ከዚያ መስኮቱ። ከዚያ ውሾቹ።
ጎረቤቷ ፕላሲዳ በማሳው መሐል ሮጣ መጣች፣
አንድ እግሯ ባዶ።

እኛ ብንሆን ስሙን አስቀድመን ግሡን እናቆየው ነበር፤
"የእገሌ ጎጆ..." ብለን
አፋችንን በመዳፋችን ልንይዝ እንችላለን፣
ሰሚውም የቀረውን ባይሰማው ይችላል።
በእነሱ አገር ግሥ ይቀድማል።

"ፈነዳ" አለች ፕላሲዳ።
ትንፋሽ አጠራት።

ኦብዱሊያ ባለቤት በሌለው ግሥ ውስጥ ቆመች።
ጎጆዎቹን ቆጠረች፤ አሥራ አራት።
ፕላሲዳ ምራቋን ዋጠች።
አሥራ አራት፣ ከአሥራ አራቱ አንዱ።

"የክሪሶፎሮ።"

ከተከለከለው ግሥ አጠገብ ሌላ ግሥ ይኖራል፣
ግድግዳ የሚጋራው፣ አንድ ፊደል ብቻ የሚተርፈው፤
ኦብዱሊያ ፈነደቀች።
ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ። ተረከዟ ከመሬት ተነሳ፣
መዳፏ መዳፏን መታ።
ፕላሲዳ አየቻት።
የክሪሶፎሮ ሚስት ቶማሳ ትናንት ማታ ጨው መበደሯ፣
ስኒውም እዚያው እሷ ዘንድ መሆኑ
ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

ማታ ቴዎዱሎ ገባ፣ አመድ ለብሶ፣ ዝም ብሎ።
ጣቶቹን አልቆጠረችም።

አሁን በዚያ ቤት "ፈነዳ" እንደልቡ ይገባል ይወጣል፤
ፊኛው ይፈነዳል፣ ጎማው ይፈነዳል፣
ሚካኤላ ቃሉን እየጮኸች ጓሮ ለጓሮ ትሮጣለች።
ሌላ ነገር ሳይከለከል አልቀረም፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።
ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልካም ነገር ይዛ መጥታ
እያጨበጨበች ብድግ ስትል ብቻ
አያቷ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች።